ጭሱን የተረጎምሁለት እንግዳ

ከዚያ ክፉ ዘመን በፊት መካነ ሰላም ውስጥ እኔን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ያኔ የነበረ ሰው ካለ ይመስክር። ቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ደግሜያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ ሰው የለም። እንግሊዝኛ የተማርሁት ደሴ ውስጥ ለመንገድ ሥራ የመጡ የውጭ መሐንዲሶች መጋዘን ጠባቂ ሳለሁ ነው። የሚጥሉትን ጋዜጣ እሰበስብ ነበር። ያልገባኝን ቃል ምግብ አብሳያቸውን እጠይቀዋለሁ፤ እሱም ካላወቀው ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት አወጣዋለሁ። ወደ አገሬ ስመለስ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ መጻፍ ጀመርሁ። ዳኛው ወረቀቱን ገና ሲዘረጋው የማን እጅ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ከአጅባር ድረስ እኔን ፍለጋ የሚመጣ ባለጉዳይ ነበር። እንግሊዝኛ የሚያውቁ አስተማሪዎች በከተማው ባይጠፉም እነሱ እንዳይሳሳቱ ፈርተው ዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ለመናገር ፈርቼ አላውቅም። ስለዚህ የውጭ ሰው ሲመጣ የሚጠራው እኔ ነበርሁ።

የበልጉ ዝናብ ቀረ፤ ክረምቱም ጀምሮ ተወ። መጀመሪያ የተጎዳው ወደ ዓባይ የሚወርደው ቆላ ነበር፤ ቀጥሎ ደጋው ተያዘ። ከብት ረከሰ፣ እህል ተወደደ፣ በኋላም እህል ከገበያው ጨርሶ ጠፋ። ከባሕር ዛፉ ሥር ብቻዬን እውል ጀመር፤ የራበው ሰው በድንበር አይካሰስም።

ታላቅ እህቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ባለ መንደር ትኖር ነበር። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ ሁመራ ወርዶ እዚያው ቀረ። እኔ ያለኝን እስካለኝ ድረስ ላክሁላት። ሲያልቅብኝ ልጆቿን ይዛ ወደ ደሴ መንገድ እንድትወጣ፣ እዚያ ምጽዋት እንዳለ መሰማቱን ነገርኋት። "ቤቴን ዘግቼ ለማኝ አልሆንም" አለችኝ። ወደ መንገድ ከወጡትም የተመለሱት ጥቂት ነበሩ። እህሉ እኛ ዘንድ ካልመጣ እህቴና ልጆቿ ከዚያ ቤት በሕይወት እንደማይወጡ አውቅ ነበር።

እንግዳው የመጣው ያኔ ነው።

ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ነበሩ። መንግሥት ረኀብ የለም ሲል ከርሞ ወሬው ባሕር ከተሻገረ በኋላ የውጭ ሰዎችን ማስገባት ጀመረ። ርዳታ ሰጪዎቹ መንግሥታት ተስማምተው፣ እህሉ ወደ የትኛው ወረዳ መሄድ እንዳለበት አይተው የሚመሰክሩ ሰዎች ላኩ። ወደኛ ወደ ምዕራቡ ደጋ የደረሰው የፊሊፒንስ ዲፕሎማት ነበር። እኩያዬ ስለነበረና በኋላም ወዳጆች ስለሆንን አንቱ አልለውም። አብሮት ከጠቅላይ ግዛቱ የተመደበ ሹም መጣ፤ ከዘራ የያዘ፣ ጫማውን አቧራ እንዳይነካበት እየመረጠ የሚራመድ ሰው። አስተርጓሚ ተፈለገና እኔ ተጠራሁ።

ከተማው ፈረንጅ ሊያይ ወጥቶ ነበር። ከላንድሮቨሩ የወረደው ግን አጠር ያለ፣ ጥቁር ጸጉሩ ግንባሩ ላይ የተኛ፣ መልኩ ከእኛ ጠይም የማይለይ ሰው ሆነ። ከዚያ ወዲያ የመኪና መንገድ ስላልነበረ በቅሎ የሚያከራዩን ሽማግሌ መጡ። ቁርኣን የቀሩ፣ የተማሩ ሰው ስለነበሩ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሼኪ ይላቸዋል። እንግዳውን ዙሪያውን ዞረው አዩት።

"ፈረንጁ ይሄ ነው?" አሉኝ።

"አዎ ሼኪ።"

"ወላሂ፣ ሳይላጥ የመጣ ፈረንጅ ነው።"

እንግዳው ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። እኔ የሰማሁትን የማጎድል አስተርጓሚ አይደለሁምና እንዳለ ነገርሁት። ኮርቻውን ይዞ ሳቀ። ከዚያ አማተበና በቅሎው ላይ ወጣ።

"የናንተ ነው ለካ" አሉኝ ሼኪ። "ሲስቅ የኛ መስሎኝ ነበር።"

ሹሙ ሌላ ሐሳብ ነበረው። ወደ አጅባር ዞረን ለእንግዳው አምባ መቅደላን እናሳየው፤ የታሪክ ቦታ ነው፣ አየሩም ጥሩ ነው አለ። እንግዳው ስለ መቅደላ አንብቦ ስለነበር ዓይኑ በራ። ልቤ ደነገጠ፤ ወደ መቅደላ ከሄደ የእህቴ መንደር ይቀራል። እሱ ግን ትንሽ አሰበና "ተራራው የትም አይሄድም፤ ሰዎቹን ልይ" አለ። ይህን ስተረጉም ድምፄን ሳልጨምር አልቀርም።

ከኋላ ከኋላ እየሄድን ሕይወቱን አጫወተኝ። የተወለደው ሰው እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሩዝ በሚተክልባት ደሴት ነው። አባቱ የመንደር አስተማሪ ነበር፤ በዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች ወስደውት አልተመለሰም። እናቱ ልብስ እየሰፋች አስተማረችው። የመጀመሪያ እንጀራው በአንዲት ትንሽ ጋዜጣ ላይ ስለ ዶሮ ግጥሚያ መጻፍ ነበር። በአገሩ አውራ ዶሮ ያዋጋሉ፤ ሰውም ይወራረድበታል።

ይህን ለሼኪ ስነግራቸው "ዶሮውን መብላት ሲችሉ?" አሉ።

ከጋዜጣው ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ገባ፤ ፓስፖርት ላይ ማኅተም የሚመታ ጸሐፊ ሆነ። ቀስ በቀስ ወደ ኤምባሲዎች ላኩት፤ ብርድ አገር ከርሞ ሙቀት አገር ተዛወረ። ቢሮ ከመግባቱ በፊት ጠዋት ጠዋት ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር፤ መጻሕፍትም አሳትሟል። በአገሩ ግን መሪው በአዋጅ ጋዜጦችን ስለዘጋ የዶሮውን ወሬ የጻፈባት ጋዜጣም ተዘግታ ነበር። እሱ ልጆችና አሮጊት እናት ስላሉት በሥራው ቀረ።

"ዲፕሎማት ያየውን ማንም በማይቀየምበት ቃል ይናገራል፤ ጸሐፊ ያየውን ይናገራል። እኔ ሁለቱንም በአንድ ሸሚዝ ይዤ እዞራለሁ" አለኝ። ደግሞም፣ "ስለ አገሬ መጻፍ የተውሁት ሰው በሰው አገር ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም" አለ።

እኔም ጸሐፊ መሆኔን ነገርሁት። አንዲት መበለት መሬቷን ያስመለሰችበትን ማመልከቻዬን በቃሌ በእንግሊዝኛ አነበነብሁለት። እስከ መጨረሻው አዳመጠና፣ "ለዳኛው መጀመሪያ የነገርኸው ያየኸውን ነው፤ የምትፈልገውን በኋላ አመጣኸው። ጥሩ ነው" አለኝ። ብዙ ሰው አሞግሶኛል፤ ያን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ጠዋት ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ከእህቴ መንደር በላይ ካለው ጉብታ ደረስን። መንደሩ ከሥራችን ተዘርግቷል። ከየቤቱ ጣራ ጭስ ይወጣ ነበር።

እዚህ ላይ የአገሬን ልማድ መንገር አለብኝ። በእኛ ዘንድ ጠዋት ጭስ ያልወጣበት ቤት የሐዘን ቤት ነው፤ ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ ይመጣል። ስለዚህ የሚበላ ያጣ ሰው ኩበቱን አቀጣጥሎ ውሃ ይጥዳል። ጭሱ ከታየ ጎረቤት አይመጣም፤ ገመናው ይሸፈናል። ይህን ያደረገ ሰው ራሱ የጎረቤቱን ጭስ ሲያይ ግን "እነሱስ አገኙ" ይላል።

"እንደሚያዩት፣ ክቡር ሆይ" አለ ሹሙ በከዘራው እየጠቆመ፣ "እያንዳንዱ ቤት ቁርሱን እያበሰለ ነው። ደጋው ችግር አለበት፤ ረኀብ ግን የለበትም።"

ቃል በቃል ተረጎምሁ። እንግዳው ጭሱን አየ፤ ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ። ሰው ሆኖ ከቤት ጣራ ጭስ ሲወጣ አይቶ የማይረጋጋ የለም። በቅሎውን ሊያዞር ልጓሙን ሳበ።

"የነገርሁህ የእሳቸውን ቃል ነው" አልሁት። "አሁን የእኔን ስማ።" ልማዱን ነገርሁት።

ሹሙ እንግሊዝኛ ባይሰማም የንግግሬን መርዘም አልወደደውም። "ምን ጨመርህበት?" አለኝ።

"ምንም አልጨመርሁም ጌታዬ። ጭሱን ተረጎምሁለት።"

"ጭስ ምን አስተርጓሚ ያሻዋል?"

"ለሱ ያሻዋል፤ እንግዳ ነው። እርስዎ ግን የወሎ ልጅ ነዎት፤ አያሻዎትም።"

ሼኪ የበቅሎውን ማሰሪያ የሚያጠብቁ መስለው ፊታቸውን አዞሩ። እንግዳው አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፤ "አሳየኝ" አለ።

የሰው ገመና መግለጥ ነውር ነው። የእኔ ብዬ ልገባበት የምችለው ቤት አንድ ብቻ ነበር።

እህቴ ደጃፏ ላይ ተቀበለችን። ቀሚሷን አጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ለብሳለች። ፊቷ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር።

"ግቡ፣ ግቡ። ምነው አስቀድማችሁ ብትነግሩኝ? አሁን ገና በልተን መነሣታችን ነው" አለች።

"እትዬ፣ ይህ ሰው ከሩቅ የመጣው ለእህል ጉዳይ ነው።"

"እህልስ አለ፤ ተመስገን። ለሌላቸው ስጡልኝ።"

ይህንንም ተረጎምሁ። ሹሙ "ይኸው ሰማችሁ" ብሎ በሩን ተደገፈ። ድስቱ ተጥዶ ይንተከተካል። ልጆቹ ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል። የራበው ልጅ ከተጣደ ድስት ላይ ዓይኑን አይነቅልም፤ እነዚህ ልጆች ግን ወደ ድስቱ አያዩም ነበር። ያኔ ሄጄ ክዳኑን አነሣሁት። ንጹሕ ውሃ ነበር።

"ክደነው" አለችኝ እህቴ በቀስታ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

እንግዳው ኮፍያውን አውልቆ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ "ንገራት" አለኝ። "በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮች ሩዛችንን ሁሉ ወሰዱት። እናቴ ግን ጀምበር ስታዘቀዝቅ ባዶ ሙቀጫ ትወቅጥ ነበር፤ ጎረቤት ድምፁን ሰምቶ አላቸው እንዲል።"

እህቴ ነጠላዋን ሳታወርድ "ጎረቤቶቹስ?" አለች።

"እነሱም ባዶ ሙቀጫ ይወቅጡ ነበር። ያወቅነው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። እኛ የእነሱን ሰምተን እንጽናናለን፤ እነሱም የእኛን።"

"የተናገረ ሰው አልነበረም?"

"ማንም አልተናገረም። ታናሽ እህቴን በዚያ ዓመት ቀበርናት።"

ይህን ስተረጉም የመጨረሻውን ቃል ሁለት ጊዜ ጀመርሁት፤ በዕድሜዬ ሙሉ በሥራ ላይ እንዲህ የሆንሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እህቴ ነጠላዋን ከፊቷ አነሣች። እንግዳውን አላየችውም፤ እኔን ነው ያየችው።

"የእኔን ብቻ ገልጠህ ልትሄድ ነው?" አለችኝ። "የእኔ ብቻ ከተገለጠ መንደሩ የሚያወራው ስለ እኔ ነው። የሁሉም ከተገለጠ ግን የማንም ነውር አይሆንም። ተነሥ፣ ተከተለኝ።"

ከፊታችን ወጣች። ከጎረቤቷ በር ቆማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "እኔ ቤት የተጣደው ውሃ ነው፤ አንቺ ቤትስ?" ከውስጥ አንድ ድምፅ "ያው ነው" አለ። ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች፤ ያንኑ ጠየቀች፤ ያንኑ መለሱላት። ሴቶቹ እየወጡ ይከተሏት ጀመር፤ እርስ በርስ ይተያያሉ። "አንቺ ደግሞ፣ እኔ እኮ ትላንትና የአንቺን ጭስ አይቼ ተመቀኘሁሽ" ስትል አንዷን ሰማሁ። አንድ ቤት ጥቂት ባቄላ ተገኘ፤ ባለቤቱ እንደ ሌባ አንገቱን ደፋ።

በመጨረሻው ቤት እንደ ሌላው ሁሉ ጭስ ይወጣ ነበር። እህቴ ጠየቀች፤ መልስ የለም። ስንገባ ባለቤቲቱ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት፣ ከምድጃው አጠገብ ጋደም ብለዋል። እሳቱ ገና አልጠፋም፤ እሳቸው ግን አልፈዋል። ሼኪ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷቸው። ሹሙም ገብቶ ነበር። ሲወጣ ጫማው በአመድ ተሸፍኗል፤ አላራገፈውም።

እንግዳው ሪፖርቱን የጻፈው እዚያው መንደር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው። ሲጨርስ አነበበልኝ፤ እኔም ለሹሙ ተረጎምሁለት። ሹሙ "ረኀብ" የሚለው ቃል ወጥቶ "የምግብ እጥረት" እንዲባል ለመነ፤ ለመነ ነው የምለው፣ አላዘዘም፤ እንጀራውን ፈርቶ ነበር። እንግዳው "እጥረት የሚለውን ቃል እኔም በሌላ ቀን እጽፈው ነበር፤ ዛሬ አልችልም" አለ። ለሱም እንጀራ የሚያሳጣ ነገር መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ደሴ ላይ እህሉ ተፈቀደ፤ ግን የጭነት መኪና የሚያልፍበት መንገድ የለም ተባለ። ያኔ ሼኪና እኔ የየገበያውን የጭነት ከብት ባለቤቶች ዞረን ለመንን። የተረፉት በቅሎዎችና አህዮች ጥቂትና የከሱ ነበሩ። ሼኪ ሰዉን "አብሽሩ" እያሉ፣ የሚያመነታውን ደግሞ "አህያህ ከሰው ከበለጠብህ አንተ ተጫን" እያሉ አሰለፏቸው። እህሉ ክረምቱ ሳይገባ መንደሩ ደረሰ። የእህቴ የመጨረሻ ልጅ ግን አላየውም፤ ከመድረሱ በፊት ቀበርነው። ሌሎቹ ተረፉ።

ያ ዓመት ሳይርቅ ንጉሡ ወረዱ፣ አብዮት መጣ። መሬት ላራሹ ሲታወጅ ከባሕር ዛፉ ሥር የምጽፈው የድንበር ማመልከቻ ሁሉ ባንድ ቀን ከንቱ ሆነ። ሹሙን አሥረው መካነ ሰላም አደባባይ አቀረቡት፤ ረኀብ ደበቀ ተብሎ። እኔም ልመሰክር ተጠራሁ። ካድሬው ሰዉ ሁሉ "ይሙት" እንዲል ይፈልግ ነበር። እኔ ያየሁትን ተናገርሁ። "ጭሱ የምን እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ዋሽቷል። ጭሱን ያጨስነው ግን እኛ ነን፤ በእኛ ጭስ ነው የተሸፈነው። በመጨረሻውም ቤት ገብቷል፤ አይቻለሁ" አልሁ። ካድሬው አልወደደኝም፤ የፈረንጅ ወዳጅ ብሎ እኔንም ጥቂት ጊዜ አሠረኝ። ሹሙ ግን በጥይት አልሞተም። ታሥሮ ወጣ፤ ዓመታት አልፈው ደሴ ላይ ሲያገኘኝ ከአንገቱ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ።

የእንግዳዬን ነገር የሰማሁት ሽማግሌ ከሆንሁ በኋላ፣ አስፋልቱ መካነ ሰላም ከደረሰ ወዲህ ነው። ሴት ልጁ በአውቶቡስ መጣች። እንደነገረችኝ፣ ለሪፖርቱ ቅጣት ከነበረበት ሥራ አንሥተው አንድ የወደብ ከተማ ሰደዱት፤ እንደ ጀማሪነቱ እንደገና ፓስፖርት ላይ ማኅተም ይመታ ነበር። በዚያ ጊዜ ግን ስለ አገሩ መጻፍ ጀመረ። የአገሩ መሪ ሲወድቅ አምባሳደር አድርገው ሾሙት። ከሥራው ሲወጣ ወደ ደሴቲቱ ተመልሶ ሲጽፍ ኖሮ ሞተ። አንድ መጽሐፉን ሰጠችኝ። ስለ ጭሱ የጻፈው ክፍል አለ፤ ያለ መዝገበ ቃላት አነበብሁት። ስለ እህቴ የጻፈው ልክ ነው። ስለ እኔ የጻፈው አጭር ነው፤ ያም ቢሆን "ያየውን መጀመሪያ የሚናገር ሰው" ይላል።

እኔ በዕድሜዬ የሠራሁት ይህ ነው። ሳልማር ተማርሁ። የመበለቶችን መሬት በብዕር አስመለስሁ። አንድን ዲፕሎማት ከመቅደላ ወደ ሰው ቤት መለስሁ። ሹም ፊት ቆሜ ጭስ ተረጎምሁ። ከሼኪ ጋር ሆኜ መንገድ በሌለበት እህል አስገባሁ። የምጠላውን ሰው ከሞት አስጣልሁ፤ ለዚህም ታሠርሁ። ልጆች አስተማርሁ፤ አንዲቱ የእህቴ ልጅ ናት፣ ዛሬ አጅባር ነርስ ናት። የእህቴን ልጆች ሁሉ ግን ማትረፍ አልቻልሁም።

እህቴ ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ዘመን ኖረች። ቤቷ በሄድሁ ቁጥር አብልታኛለች፣ መርቃኛለች። ነገር ግን ገና ስገባ ተነሥታ ድስቷን እጄ ወደማይደርስበት ታሸሸው ነበር፤ ያን ማስቀረት አልቻልሁም።